አልገጥም ያለው ጣሪያ



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ከመጽሐፍ ያገኘነው ሳይሆን በገዛ እጃችን ተሳስተን የተማርነው ነው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው ፤ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ አንድ የፕላስቲክ ቤት መገጣጠም ነው። ነገር ግን ይህ ትንሽ ቤት ስድስት ሳምንት አድክሞናል፥ እርስ በርሳችንም አጨቃጭቆናል ፤ የሰጠነውንም ቃል ሊያሳጥፈን ጥቂት ቀርቶት ነበር። እናንተም ዛሬ ወይም ነገ መደርደሪያ፥ አልጋ ወይም ሌላ ተገጣጣሚ ዕቃ ስትሠሩ አልገጥም የሚል ክፍል ማጋጠሙ አይቀርም። ስለዚህ አካሄዳችንን ከነስሕተቱ እንተርክላችኋለን።

ሀ. ሣጥኑ እንዴት እጃችን ገባ

እኛ በሜሪላንድ የምንኖር አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ አጠገብ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። በረዶ በወረደ ቁጥር ደጃቸውን እንጠርግላቸዋለን ፤ እሳቸውም ቡና አፍልተው ይጠብቁናል። ከቤታቸው ምድር ቤት ሲወርዱ ግን ሌላ አገር ነው። በትልልቅ ጠረጴዛዎች ላይ ተራራ፥ ድልድይ፥ ወንዝና መንደር ተሠርቶ በመካከሉ ከስንዝር እምብዛም የማይበልጥ ባቡር ይሽከረከራል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሞዴል ባቡር መሥራት የልጆች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ብዙ ትልልቅ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚደክሙበት የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ሐዲዱ በአጠገቡ ያልፋል፥ መሬቱ ተደልድሏል፥ መንገዱም እስከ ደጁ ደርሷል ፤ ቤቱ ግን የለም። ለዚህ ቦታ የታሰበው የገጠር ባቡር ጣቢያ ከነሣጥኑ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ብዙ ዓመት ጠብቋል። ሽማግሌው ዛሬ ነገ ሲሉ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ ፤ ምላጭ ይዘው ቀጭን ነገር መቁረጥ አቃታቸው። «ለምስጋና ቀን የልጅ ልጄ ይመጣል። ጣቢያ ከሌለ ባቡሩ የት ይቁም?» አሉን እየሳቁ። እኛም «አይዞዎት፥ እኛ እንሠራዋለን» ብለን ሣጥኑን ተቀበልን። የምስጋና ቀን በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ የሚውል ስለሆነ ያኔ ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሣጥኑን ሲሰጡን ያሳሰቡን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይህ ዓይነቱ አሁን አይመረትም ፤ የተበላሸ ክፍል ከገበያ አይተካም» አሉን። ሰማን፥ ነገር ግን አላስተዋልንም።

ለ. ስለ ልኬቱ ጥቂት ማብራሪያ

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን ስንል ጥቂት እናብራራ። የሞዴል ባቡር የሚሠራው በተወሰነ ልኬት ነው። የሽማግሌው ባቡር «ኤች ኦ» በሚባለው ልኬት የተሠራ ነው ፤ ይኸውም እውነተኛው ነገር በ87 ተካፍሎ አነሰ ማለት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የተለመደው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ፤ ይህን ለ87 ስናካፍለው 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የጠረጴዛው ሐዲድ ስፋትም ይኸው ነው።

ከመካከላችን የአንዷ እናት ያደጉት ድሬዳዋ ስለሆነ ወዲያው የአገራችንን ባቡር አሰላን። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ለ87 ሲካፈል ወደ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል ፤ ስለዚህ የእናቶቻችን ባቡር በሽማግሌው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም።

ለሥራችን የሚያስፈልገው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በዚህ ልኬት 1 ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው ቤት ላይ 8.7 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ግድግዳና ጣሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ሳይገናኙ ቢቀሩ በእውነተኛው ቤት ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ይሆናል። ዓይን ይህን ወዲያው ያያል። በትንሽ ነገር ላይ ትንሽ ስሕተት ትንሽ አይደለም።

ሐ. ስሕተታችን

ሣጥኑን ስንከፍት ክፍሎቹ ከተቀረጹበት የፕላስቲክ ክፈፍ ጋር እንደተያያዙ ነበሩ። ባለ 160 ሚሊ ሜትር ሁለት ረጃጅም ግድግዳዎች፥ ባለ 90 ሚሊ ሜትር ሁለት አጫጭር ግድግዳዎች፥ ሁለት የጣሪያ ክፍሎች፥ በርና መስኮት፥ የጭስ መውጫና የሥራ መመሪያ ወረቀት አገኘን። ወለል የሚባል አልነበረውም ፤ አራቱ ግድግዳዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው እንዲቆሙ ታስቦ የተሠራ ነው።

ወዲያው ሁለት ጉድለት አየን። አንደኛው ረጅም ግድግዳ እንደ ቀስት ጎብጧል። በመስኮቶቹና በጠርዞቹ ዙሪያ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ትርፍ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። «ምን ዓይነት ፋብሪካ ነው?» ተባባልን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለማንኛውም ችግር ተጠያቂው ፋብሪካው ሆነ።

የጎበጠውን ግድግዳ ማቃናቱ ተሳክቶልናል። ይህ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል ፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፥ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋም ቅርጹን ያጣል። ስለዚህ በፈላ ውኃ ሳይሆን ከቧንቧ በቀዳነው ሙቅ ውኃ ጥቂት ደቂቃ ነከርነው ፤ ከዚያም በሁለት መስተዋት መካከል አጋድመን መጽሐፍ ጫንበትና እስኪበርድ ተውነው። ትርፉንም ልጣጭ በምላጭ አነሣን። በዚህ ልባችን ሞላ ፤ የቀረውን በአንድ ማታ እንጨርሳለን ብለን ተነሣን።

አንባብያን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚህ ፕላስቲክ ሙጫ እንደ ኮላ በመካከል ገብቶ የሚያጣብቅ አይደለም። የሁለቱን ክፍሎች ጠርዝ አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ከደረቀ በኋላ እንደገና ልንቀቅለው ብንል የምንሰብረው ፕላስቲኩን ነው። ሽታውም ራስ የሚያዞር በመሆኑ መስኮት ሳይከፈት ሊሠራበት አይገባም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግድግዳዎች ስናገናኝ በማዕዘኑ ላይ ከጥፍር የቀጠነ ክፍተት ታየ። ክፍተቱ ለምን መጣ ብለን አልጠየቅንም። ሙጫ ጨመርንበት፥ ዙሪያውን በላስቲክ ጠፍረን እስኪዘጋ ድረስ ሳብነው። ተዘጋ። ደስ አለን። የቀሩትንም ሦስት ማዕዘኖች እንዲሁ በላስቲክ እያስጨነቅን አጣበቅን። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

በሳምንቱ ጣሪያውን ብናስቀምጠው አልገጥም አለ። ከፊት በኩል በቀኝ ጫፍ ግድግዳው ከጣሪያው ወጥቶ ይታያል ፤ ከኋላ በኩል ደግሞ በግራ ጫፍ እንዲሁ። ብናዞረው ያው ነው። አንዱ «ጣሪያው ተጣሞ ነው የተሠራው» አለ። ሌላዋ «ቆይ እስቲ፥ ሌላውንም እንለካ» አለች ፤ የሚሰማት ግን አልተገኘም። ሞረድ አንሥተን ከጣሪያው ሥር ግድግዳው የሚያርፍበትን ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ያህል በላነው። በአንድ በኩል ገጠመ፥ በሌላው በኩል ተከፈተ። በሌላውም በኩል ሞረድነው። በመጨረሻ ጣሪያው ከቤቱ ላይ የሚንሸራተት ሆነ፥ የውጭ ጫፉም ቆረፈደ። ያን ጊዜ የሽማግሌው ቃል ትዝ አለን ፤ የተበላሸ ክፍል ከገበያ አይተካም። የተሞረደ ፕላስቲክ ዱቄት ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል ፤ ዱቄት ደግሞ ተመልሶ ጣሪያ አይሆንም።

በዚያ ማታ ሁለት አሳብ ቀረበ። አንዱ አሳብ ክፍተቱን በቀለም ሸፍነን፥ ከፊቱም ዛፍ ተክለን እናስረክብ የሚል ነበር ፤ ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟልና አያዩትም። ሁለተኛው አሳብ ሄደን ያጠፋነውን እንንገራቸው የሚል ነበር። ብዙ ተከራከርን። ክርክሩን የቈረጠው አንድ ጥያቄ ነው ፤ «እሳቸው ባያዩት፥ የልጅ ልጃቸውስ?» የሚል። ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያየው ክፍተትን ነው። በማግስቱ ቤቱን በካርቶን ይዘን ሄድን።

መ. የሽማግሌው ማስመሪያ

ጣሪያውን አውጥተን እያፈርን አሳየናቸው። እንዲቆጡን ጠብቀን ነበር ፤ አልተቆጡም። የሚገርመው ደግሞ ጣሪያውን ብዙም አላዩትም። «መጀመሪያ ያጣበቃችሁት የትኛውን ማዕዘን ነው?» ብለው ጠየቁን። ይህን ማንም አልመዘገበውም ፤ ተመካክረን አስታወስን። ከዚያ ቤቱን ገልብጠው በማስመሪያ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን በሰያፍ እንድንለካ አዘዙን። 186 ሚሊ ሜትር ሆነ። የሌላውን ሰያፍ ለካን ፤ 181 ሚሊ ሜትር።

የሂሳብ ትምህርት የተማረ ሁሉ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አራት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ቤት ሁለቱ ሰያፎቹ እኩል ናቸው። የእኛ ቤት 160 በ90 ስለሆነ ሁለቱም 183.6 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረባቸው። 186ና 181 ከሆኑ ግን ቤቱ እንደተገፋ የክብሪት ቤት ወደ ጎን ዘምሟል። የዘመመው ከ2 ዲግሪ በታች ነው ፤ ዓይን አይለየውም። ይሁን እንጂ በ90 ሚሊ ሜትሩ ግድግዳ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእውነተኛው ቤት ላይ ቢሰላ 26 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ጣሪያው ግን ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነበር። ከመላው ቤት ትክክለኛ የነበረውን አንዱን ክፍል ነበር በሞረድ የቀጣነው!

ማዕዘኑስ ለምን ተጣመመ? ይህንንም አስረዱን። ፕላስቲኩ ቀልጦ በኃይል ወደ ብረት ፎርማ ይገባና ሲበርድ ይወጣል። የፎርማው ጎኖች ቀጥ ያሉ ቢሆኑ ክፍሉ ተቀርቅሮ አይወጣም ነበር። ስለዚህ የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ አፉ ሰፋ ታቹ ጠበብ እንደሚል ሁሉ የፎርማውም ጎን በትንሹ ያዘነበለ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የእያንዳንዱ ግድግዳ ጠርዝ በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ያዘነብላል። ይህ የፋብሪካ ስንፍና አይደለም ፤ የአሠራሩ ባሕርይ ነው። ጠርዙን በሞረድ ቀጥ ማድረግ የገጣጣሚው ፋንታ ነው። ያቺ በመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ያየናት ቀጭን ክፍተት ይህን ልትነግረን ነበር የመጣችው። እኛ ግን በላስቲክ ስበን አፏን ዘጋነው። ክፍተቱ ሲዘጋ ማዕዘኑ ተጣመመ ፤ የቀሩትም ሦስቱ የመጀመሪያውን ተከተሉ።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው ፤ ስሕተት የሚታይበት ቦታና ስሕተት የተሠራበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ክፍተቱ የታየው ከጣሪያው ላይ ነው ፤ የተሠራው ግን ከሳምንት በፊት ከታች ከማዕዘኑ ላይ ነበር።

ሠ. እንዴት እንደጠገንነው

ለምስጋና ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። የሠራነውን ማፍረስ ግድ ሆነ። ሽማግሌው ባዋሱን ምላሱ በሳሳ መጋዝ አራቱንም ማዕዘኖች በመገጣጠሚያቸው ላይ ቀስ ብለን ሰነጠቅናቸው ፤ ይህ ብቻውን ሁለት ማታ ፈጀ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት በመስተዋት ላይ ለጥፈን እያንዳንዱን ጠርዝ እስከሚስተካከል ፈገፈግነው። መጋዙ የበላውን ቦታ በቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ሞላነው።

በሁለተኛው ጊዜ ሙጫ ከመንካታችን በፊት ቤቱን በሙሉ፥ ጣሪያውን ጨምሮ፥ በፕላስተር ብቻ አያይዘን አቆምነው። ገጠመ። ከዚያም እስኳድራ በማዕዘኑ ውስጥ አስደግፈን አንድ ማዕዘን አጣበቅን ፤ እስኪደርቅ ድረስ ሌላውን አልነካንም። በየማዕዘኑ በውስጥ በኩል ከታች እስከ ላይ የፕላስቲክ ደጋፊ አቆምን። ሁሉም ሲያልቅ ሰያፎቹን ለካን ፤ 183ና 184 ሆኑ። ያን ማታ የተሰማንን ደስታ የሚያውቀው ሰያፍ የለካ ብቻ ነው።

ለተጎዳው ጣሪያ ደግሞ በሞረድ በበላነው ቦታ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስቲክ አጣበቅን። የቀረውን ቀዳዳ የሞላንበትን ስቱኮ ከራሱ ከክፈፉ አዘጋጀነው ፤ የክፈፉን ቁርጥራጭ በሙጫው አሟሙተን እንደ ገንፎ ካደረግነው በኋላ በቀዳዳው ላይ ቀባነው። እንዲህ ያለው ስቱኮ ቶሎ ስለማይደርቅ ብዙ ቀን ጠብቀን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። ቀለም ከተቀባ በኋላም ጠባሳው ፈጽሞ አልጠፋም ፤ ከኋላ በኩል ወደ ግራ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ያገኘዋል።

ጣቢያው በምስጋና ቀን ዋዜማ ከቦታው ቆመ። ሽማግሌው ጣታቸውን በጣሪያው ጫፍ ላይ አሳልፈው ከጠባሳው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ስለ ጠባሳው ያሉት ነገር የለም። ከመደርደሪያው አንድ ሌላ ሣጥን አውርደው «የዕቃ መጋዘኑንስ መቼ ትጀምራላችሁ?» አሉን።

ረ. ከዚህ የወሰድነው ልማድ

አንደኛ፥ ክፍሎችን ከክፈፉ ስንቈርጥ ወደ ክፍሉ አስጠግተን አንቈርጥም። ጥቂት ትርፍ አስቀርተን ቈርጠን ትርፉን ኋላ እንሞርዳለን። ምላጩም ምንጊዜም ከጣታችን ወደ ውጭ ይሄዳል።

ሁለተኛ፥ ማናቸውንም ክፍል ከማጣበቅ በፊት በደረቁ እንሞክራለን። የምንሞክረውም የሚቀጥለውን ክፍል ብቻ ሳይሆን በመጨረሻ የሚመጣውንም ጭምር ነው ፤ ጣሪያው ገና ግድግዳው ሳይቆም ምስክርነቱን ይሰጣል።

ሦስተኛ፥ ጉልበት የሚጠይቅ መገጣጠሚያ ሲገጥመን እጃችንን እናነሣለን። ላስቲክና መቆንጠጫ የገጠመውን ለመያዝ እንጂ ያልገጠመውን ለማስገደድ አይደሉም።

አራተኛ፥ ሳንለካ አንሞርድም። አንድ ክፍል አልገጥም ሲል መጀመሪያ ከእሱ በፊት የሠራነውን ወደ ኋላ እየተመለስን እንመረምራለን ፤ ጥፋቱ የራሱ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ እሱን እንነካለን።

አምስተኛ፥ «ቆይ እንለካ» የሚልን ሰው እንሰማለን። በዚያ ማታ ያቺ እኅታችን ተሰምታ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው ጠባሳ ባልኖረውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ክፍል ቤት 3 ሜትር በ4 ሜትር ሆኖ ሊሠራ ታስቧል። አራቱ ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ መሆናቸውን ለማወቅ ሰያፉ ስንት ሜትር መሆን አለበት? የአዳራሻችንንስ ጠረጴዛ ብትለኩት ምን ታገኛላችሁ?

2. ከ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይልቅ በጉልበት የተዘጋ ክፍተት የበለጠ የሚጎዳው ለምንድን ነው?

3. ክፍተቱን በዛፍ ጋርደን ብናስረክብ ኖሮ ከሽማግሌው ማስመሪያ ያገኘነውን ትምህርት እናገኝ ነበርን?

የዕቃ መጋዘኑን ሣጥን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ እንከፍታለን። መሥራት የምትወዱ ሁሉ ኑ ፤ ማስመሪያና እስኳድራ አዘጋጅተናል፥ ላስቲኩን ግን ለጊዜው ደብቀነዋል።

ቸር ይግጠመን።